ራሳቸውን ማዳን ያቃታቸው ሐኪም፤ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ

የሱስ ሕክምና ታሪክ በሚነሣበት ሁሉ የአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም የዶክተር ሮበርት ሆልብሩክ ስሚዝ ስም አብሮ ይነሣል። ወዳጆቻቸውና የረዷቸው ሕሙማን ይጠሯቸው የነበረው ግን ዶክተር ቦብ በሚለው አጭር ስም ነው። እኚህ ሰው አዲስ መድኃኒት አልቀመሙም፤ በስማቸው የሚጠራ የቀዶ ሕክምና ዘዴም አልተዉም። ለ17 ዓመታት ያህል ማታ በመጠጥ፣ ጠዋት በሚያረጋጉ መድኃኒቶች ተይዘው ኖረዋል። ከዚያ ሲወጡ የወጡበትን መንገድ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለሌሎች ያለ ክፍያ አሳይተዋል። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ሪያድ በመጠጥ፣ በእንቅልፍ ክኒን፣ በጫትና በአነቃቂ ዕፆች የተያዙ ሰዎች የሚደገፉበት አሠራር አንዱ ሥሩ ከእኚህ ሐኪም ቤት ይመዘዛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከቬርሞንት እስከ አክሮን

ሮበርት ስሚዝ ኦገስት 8 ቀን 1879 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቬርሞንት ግዛት፣ ሴንት ጆንስበሪ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአካባቢው የተከበሩ ዳኛ ነበሩ። ቤተሰቡ ሃይማኖተኛና ጥብቅ ሥርዓት ያለው ነበር፤ ልጁ በሳምንት ብዙ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰድ፣ ምሽት ገና ብርሃን ሳለ ወደ መኝታው ይላክ ነበር። ከመኝታው በቀስታ እየወረደ ወደ ውጭ መሹለክን የተማረውም ያኔ ነው። ራሱን ችሎ መኖር ሲጀምር ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላለመድረስ ለራሱ የገባውን ቃል ለ40 ዓመታት ያህል ጠብቆታል።

ወጣቱ ስሚዝ ትምህርታቸውን በዳርትመዝ ኮሌጅ ተከታትለው በ1902 ተመረቁ። በኮሌጁ ሳሉ ከጓደኞቻቸው ሁሉ አብልጠው ይጠጡ ነበር፤ በማግሥቱ ግን እንደ ሌሎቹ ራሳቸውን ስለማያማቸው ጤነኛ መሆናቸውን እንጂ አደጋ ላይ መሆናቸውን አልጠረጠሩም። ለ3 ዓመታት በሽያጭ ሥራ በቦስተን፣ በቺካጎና በሞንትሪያል ከቆዩ በኋላ በ1905 ከልጅነታቸው ጀምሮ ወደሚመኙት የሕክምና ትምህርት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

ችግሩ ፊቱን ያሳየው በዚህ ጊዜ ነው። ጠዋት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ክፍል መግባት ያስፈራቸው ጀመር፤ ብዙ ጊዜም ከበር ተመልሰው ወደ መኖሪያቸው ሄዱ። በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ጥለው ወጡ፤ ሲመለሱ ፈተና እንዲወስዱ ቢፈቀድላቸውም ዩኒቨርሲቲውን እንዲለቁ ተጠየቁ። ወደ ቺካጎ ሄደው ረሽ በተባለው የሕክምና ኮሌጅ ቢቀጥሉም ነገሩ ተባብሶ ጠበቃቸው። በአንድ የመጨረሻ ፈተና ላይ እጃቸው እርሳስ መያዝ ስላቃተው ባዶ የመልስ ወረቀት አስረከቡ። ኮሌጁ ተጨማሪ ሁለት የትምህርት ወቅቶችን ሳይጠጡ እንዲያሳልፉ አስገደዳቸው። ይህን ፈጽመው በ1910 የሕክምና ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

ቀጣዮቹን ሁለት ዓመታት በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ሆስፒታል በተለማማጅ ሐኪምነት አሳለፉ። አክሮን በዚያ ዘመን የዓለም የጎማ ፋብሪካዎች መዲና ነበረች። ሥራው ከሆስፒታሉ ግቢ ለመውጣት እንኳ ጊዜ ስለማይሰጥ መጠጡ ረገበ። በ1912 በከተማይቱ መካከል የራሳቸውን ክሊኒክ ሲከፍቱ ግን ገንዘብም ጊዜም አገኙ፤ የሆድ ሕመማቸውን ለማስታገስ በሚል የጀመሩት ብርጭቆም ወደ ቀድሞው ሕይወት መለሳቸው። በ1914 መጀመሪያ ላይ አባታቸው አንድ ሐኪም ልከው ወደ ቬርሞንት አስመጧቸው፤ በተወለዱበት ቤት ለወራት ተኝተው አገገሙ። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ወር፣ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ለ17 ዓመታት ያህል ስትጠብቃቸው የኖረችውን አን ሪፕሊን አገቡ። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ አንዲት ሴት ልጅም በጉዲፈቻ አሳደጉ።

የጠዋት ክኒን፣ የማታ ጠርሙስ

በ1920 በመላው አሜሪካ አልኮል መሸጥና ማምረት በሕግ ሲከለከል ዶክተር ስሚዝ መዳኛቸው የደረሰ መስሏቸው ነበር። ሕጉ ግን ለሐኪሞች አልኮልን ለሕክምና የማዘዝ መብት ትቶላቸዋል፤ በስውር የሚሸጡትም ሰዎች ብዙ ነበሩ። ክልከላው ሳያድናቸው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው በሁለት ፍርሃቶች መካከል ታሰረ። አንደኛው እንቅልፍ የማጣት ፍርሃት፣ ሁለተኛው መጠጥ የማለቅ ፍርሃት ነው። ሰክረው ካልተኙ እንቅልፍ አይመጣም ብለው ያምናሉ፤ ለመጠጡ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ በማግሥቱ መሥራት ግድ ነው። ጠዋት የሚነሡት እየተንቀጠቀጡ ስለሆነ እንደዚያ ሆነው የቀዶ ሕክምና ቢላ መጨበጥ አይችሉም። ጠዋት ቢጠጡ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በዛ ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስዱ ጀመር። ክኒኑ መንቀጥቀጡን ዝም ያሰኘዋል፤ ከሰዓት በኋላ እስኪመሽ ይሠራሉ፤ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ጠርሙሱ ይከፈታል።

ይህ ዑደት የተፈጠረው በአጋጣሚ አልነበረም። አልኮልና እንቅልፍ አምጪ መድኃኒቶች አንጎልን የሚያረጋጉት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል የሚቀሰቀሰውን ሐራራ ሌላው ለጊዜው ያስታግሰዋል። በዚህ ምክንያት አንዱን ለማቆም ሌላውን የያዘ ሰው የዳነ ይመስለዋል እንጂ ሰንሰለቱን ብቻ ነው የለወጠው። በዚያ ዘመን ባርቢቹሬት የሚባሉት የእንቅልፍ መድኃኒቶች በሰፊው ይሸጡ ነበር፤ የመጀመሪያው ቬሮናል በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ፊኖባርቢታል ደግሞ በ1912 ገበያ ላይ ውለዋል። ሱስ ማስያዛቸውን አምኖ የሚናገር ሐኪም ግን ጥቂት ነበር። ዶክተር ስሚዝ መድኃኒት ቤቱም የሐኪም ማዘዣውም በእጃቸው ስለሆነ ማንም ሳይጠይቃቸው የፈለጉትን ያህል ይወስዱ ነበር።

ቤቱ የድብብቆሽ ቤት ሆነ። ጠርሙሶች በድንጋይ ከሰል ማከማቻው ውስጥ፣ በልብስ መጣያው ቀዳዳ፣ በምድር ቤቱ ጣሪያ ተሸካሚ እንጨቶች ላይ ይሸሸጋሉ። ሚስታቸው ስታገኝ ትደፋለች፤ እሳቸውም ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ቢያንስ 12 ጊዜ በአካባቢው ባሉ የማገገሚያ ተቋማት በፈቃዳቸው ገብተው ተኝተዋል። በየጊዜው ሰውነታቸው ጸድቶ ይወጣሉ፤ ጥቂት ቆይተውም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ዕዳ ተከመረ፤ ሕሙማን ራቁ፤ የሆስፒታል ባልደረቦቻቸውም በጥርጣሬ ያዩአቸው ጀመር። በዚህ ሁሉ መካከል በሙያቸው የፊንጢጣና የአንጀት ቀዶ ሐኪም ሆነው ይሠሩ ስለነበር በአንዲት ጠዋት የሚያዳልጥ እጅ የሌላ ሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችል ነበር።

ስለ ሕመማቸው ግን ዕውቀት አላነሳቸውም። አልኮል በጉበት፣ በሆድና በነርቭ ላይ የሚያደርሰውን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውንም አንብበዋል። ከ1933 ጀምሮ ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባል የክርስቲያኖች ስብስብ ጋር ሆነው ጸሎትና ንባብ ያዘወትሩ ነበር። ይጸልያሉ፤ ያነብባሉ፤ ማታ ይሰክራሉ። የጎደላቸው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

የስድስት ሰዓት ውይይት

በ1935 ጸደይ ቢል ዊልሰን የሚባሉ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው በአንድ ኩባንያ ውዝግብ ምክንያት ወደ አክሮን መጡ። ዊልሰንም በመጠጥ ሕይወታቸውን ሊያጡ ደርሰው የነበሩ ሲሆኑ ካቆሙ ገና ጥቂት ወራት ነበራቸው። የመጡበት ጉዳይ ከሸፈ፤ ያረፉበት ሆቴል ውስጥ ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ይጠራቸው ጀመር። በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ትዝ አላቸው፦ ባለፉት ወራት ሌሎች ሰካራሞችን ለመርዳት ሲደክሙ አንዱንም ማዳን ባይችሉም ራሳቸው ግን ሳይጠጡ ሰንብተዋል። ስለዚህ የሚያነጋግሩት ሌላ ሰካራም ለማግኘት ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ስልክ መደወል ጀመሩ። ከብዙ ጥሪ በኋላ ስልኩ ዶክተር ስሚዝን ከሚያውቁት ከሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ ዘንድ አደረሳቸው።

ግንኙነቱ ሜይ 12 ቀን 1935 በሳይበርሊንግ መኖሪያ ሆነ። ዶክተር ስሚዝ በሕመም ላይ ስለነበሩ ከሩብ ሰዓት በላይ ላለመቆየት ከሚስታቸው ጋር ተስማምተው ነበር የሄዱት። ውይይቱ ግን ከ6 ሰዓታት በላይ ቆየ። ዊልሰን ምክር ለመስጠት አልመጡም፤ ስለ ጉበትም አላስተማሩም። የተናገሩት የራሳቸውን ታሪክ ነው፤ የመጡትም ለራሳቸው እርዳታ ፈልገው እንደሆነ ግልጽ አደረጉ። ዶክተር ስሚዝ በሕይወታቸው ከመጠጥ ጋር ያላቸውን ትግል ከራሱ ልምድ ተነሥቶ የሚያወራ ሰው ያገኙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሐኪሞች አክመዋቸዋል፤ ካህናት ጸልየውላቸዋል፤ ሚስታቸው አልቅሳላቸዋለች። እንደ እሳቸው የወደቀ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን ለመደገፍ የፈለገበት ጊዜ ግን አልነበረም።

ድሉ ግን ወዲያው አልመጣም። ዊልሰን በስሚዝ ቤት በእንግድነት ተቀምጠው ሳለ ዶክተሩ በአትላንቲክ ሲቲ ለሚደረግ የሐኪሞች ጉባኤ ሄዱ፤ በመንገድ ላይ እንደገና ጠጡ፤ ለቀናት ጠፍተውም ተመለሱ። ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ሕክምና ስለነበረ ዊልሰንና አን ሌሊቱን እየተፈራረቁ አስታመሟቸው። በቀዶ ሕክምናው ጠዋት እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ዊልሰን አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰጧቸው። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ዶክተሩ ለሰዓታት ከቤት ጠፉ፤ ሲመለሱም የበደሏቸውን ሰዎችና አበዳሪዎቻቸውን እየዞሩ ይቅርታ ሲጠይቁ እንደዋሉ ታወቀ። ያቺ ቢራ የመጨረሻቸው ሆነች። በማኅበሩ ዘንድ ጁን 10 ቀን 1935 እንደ ልደት ቀን የሚከበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶክተር ስሚዝ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀላል ሆነልኝ ብለው አልሸፋፈኑም። የመጠጥ ፍላጎቱ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንዳልተለያቸው በራሳቸው የሕይወት ታሪክ ላይ መዝግበዋል። የጸኑት በየቀኑ ሌላ ሕመምተኛ ዘንድ በመሄድ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ሁለቱ ሰዎች በአክሮን ከተማ ሆስፒታል የተኛ አንድ የሕግ ባለሙያ አግኝተው ታሪካቸውን ነገሩት፤ ሦስተኛውም አብሯቸው ጸና። በ1937 መገባደጃ ላይ በአክሮንና በኒውዮርክ ሳይጠጡ የሚኖሩት ሰዎች ተቆጥረው ወደ 40 ደርሰው ነበር። በ1939 ልምዳቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ የመጽሐፉ ስም አልኮሊክስ አኖኒመስ የማኅበሩ ስም ሆኖ ቀረ፤ ትርጉሙም ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማለት ነው።

የአበባው ክፍል

ዶክተር ስሚዝ ከዊልሰን የሚለዩት ሐኪም በመሆናቸው ነው። ወዳጅነት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃሉ። መጠጥ ወይም እንቅልፍ አምጪ መድኃኒት በድንገት የሚቋረጥበት ሰው ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊወድቅና ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጋና የነርስ ዓይን ይሻሉ። ሆስፒታሎች ግን ሰካራም ለመቀበል ፈቃደኛ አልነበሩም። ይረብሻል፤ ክፍያ አይከፍልም፤ ዳግም ይወድቃል ይባል ነበር።

መፍትሔው የተገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ነው። ትውልደ አየርላንዳዊቷ መነኩሲት ሲስተር ኢግናሺያ በሆስፒታሉ የሕሙማን መቀበያ ክፍል ይሠሩ ነበር። እሳቸውም ቀደም ሲል በሥራ ብዛት ታመው ከሙዚቃ መምህርነታቸው የተነሡ በመሆናቸው የተሰበረ ሰው ስሜት ይገባቸዋል። ኦገስት 16 ቀን 1939 ዶክተር ስሚዝ ባቀረቡላቸው ጥያቄ አንድ ሕመምተኛ የሆድ ዕቃ ሕመም ተብሎ ተመዘገበና ገባ። ሌሎች ሕሙማን እንዳያዩት ለሕሙማን የሚመጡ አበቦች በሚዘጋጁባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስተኙት። በሆስፒታሉ ለሱስ ሕሙማን የተሰጠው ቋሚ ክፍል የተጀመረው ከዚህች ትንሽ ክፍል ነው።

አሠራሩ ለጊዜው እንግዳ፣ በውጤቱ ግን ጥብቅ ነበር። ሕመምተኛው ለ5 ቀናት ያህል ይተኛል። የሚጠይቁት ሰዎች በዚያው መንገድ ያለፉ የማኅበሩ አባላት ናቸው፤ እየተፈራረቁ አጠገቡ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ የራሳቸውን ታሪክ ያወሩለታል። ሲወጣ ሲስተር ኢግናሺያ ትንሽ የቅዱስ ልብ ምልክት ይሰጡታል፤ ዳግም ለመጠጣት ከወሰነ አስቀድሞ ምልክቱን መልሶ እንዲያስረክብ ቃል ያስገቡታል። ብዙዎች ያንን ምልክት ለመመለስ ያፍሩ ስለነበር ከመጠጡ በፊት ወደ እሳቸው ስልክ መደወልን ለመዱ።

በዚህ መንገድ ዶክተር ስሚዝ እስከ 1950 ድረስ ከሲስተር ኢግናሺያ ጋር ሆነው ወደ 5,000 የሚጠጉ ሕሙማንን ለሕክምናቸው ሳያስከፍሉ ረድተዋል። የራሳቸው ኑሮ ግን ጠባብ ነበር። በ1938 ባለጸጋው ጆን ዲ ሮክፌለር ታናሹ ለማኅበሩ ሥራ 5,000 ዶላር ሲሰጡ ከገንዘቡ አብዛኛው የዶክተር ስሚዝን የቤት ዕዳ ለመክፈል ዋለ፤ ለእሳቸውና ለዊልሰንም በሳምንት ጥቂት የኑሮ ድጎማ ተመደበላቸው። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ገንዘብ እንቅስቃሴውን ያበላሻል ብለው ሮክፌለር ስላመኑ ማኅበሩ በአባላቱ መዋጮ ብቻ መኖርን ለመደ። ዛሬም ከውጭ ገንዘብ አይቀበልም። በአገራችን እድር በአባላቱ መዋጮና መረዳዳት እንደሚቆመው፣ ይህም ማኅበር ያለ ክፍያ፣ ያለ አለቃና ያለ ሹመት ይተዳደራል።

ከአልኮል ባሻገር

የዶክተር ስሚዝ የቀደመ የክኒን ልማድ የማኅበሩን አባላት የሚመለከት ሌላ ጥያቄ አስከተለ። በ1940ዎቹ ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች በእንቅልፍ ክኒን ሲወድቁ ታዩ፤ የማኅበሩ መጽሔትም በ1945 አባላቱን ከእነዚህ መድኃኒቶች እንዲጠነቀቁ አሳሰበ። በሕክምናው ዓለም ደግሞ በ1950 ዶክተር ሃሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቻቸው በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ባደረጉት ጥናት ባርቢቹሬት ሱስ እንደሚያስይዝና በድንገት ሲቋረጥ የሰውነት መንቀጥቀጥና ከባድ ቅዠት እንደሚያመጣ በማያሻማ ሁኔታ አረጋገጡ። ዶክተር ስሚዝ ሲኖሩበት የነበረው ነገር የሳይንስ ስም ያገኘው እሳቸው በሞቱበት ዓመት ነው።

በ1953 በካሊፎርኒያ የማኅበሩን 12 ደረጃዎች ለማንኛውም ዕፅና መድኃኒት ሱስ የሚያገለግል እንዲሆን ያደረገ ናርኮቲክስ አኖኒመስ የተባለ ሌላ ማኅበር ተመሠረተ። በዚህ ማኅበር ዘንድ ሰውየው የወሰደው ምን እንደሆነ አይጠየቅም፤ መተው መፈለጉ ብቻ ይበቃል። በ1960ዎቹ ሊብሪየምና ቫሊየም የሚባሉ አዳዲስ ማረጋጊያዎች ወጡ። ከባርቢቹሬት ይልቅ ለሞት የማያጋልጡ ስለነበሩ በስፋት ታዘዙ፤ ለዓመታት የወሰዷቸው ሰዎች ግን ለማቆም ሲሞክሩ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና መንቀጥቀጥ ደረሰባቸው። እንግሊዛዊቷ ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ከ1982 ጀምሮ በኒውካስል ከተማ በከፈቱት ክሊኒክ ለ12 ዓመታት እነዚህን ሕሙማን ሲከታተሉ የደረሱበት መደምደሚያ መድኃኒቱ በሳምንታትና በወራት ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ፣ በሕመምተኛው ፍጥነትና በሐኪም ክትትል መተው እንዳለበት ነው። ይህ ዛሬ በብዙ አገሮች የተቀበሉት አካሄድ ነው።

የዶክተር ስሚዝ መጨረሻ

ዶክተር ስሚዝ በ1948 ክሊኒካቸውን ዘጉ። ሚስታቸው አን፣ ቤቷን ለእንግዳ ሰካራሞች ከፍታ ለዓመታት ያበላቻቸውና ያስተናገደቻቸው ሴት፣ ጁን 1 ቀን 1949 አረፈች። እሳቸውም በካንሰር ታመው ነበር። በ1950 የበጋ ወራት ማኅበሩ በክሊቭላንድ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያደርግ ደክመው ሳለ ተገኝተው ለጥቂት ደቂቃዎች ተናገሩ፤ ሥራቸውን እንዳያወሳስቡት፣ በፍቅርና በአገልግሎት ብቻ እንዲይዙት አደራ ብለው ወረዱ። ኖቬምበር 16 ቀን 1950 በ71 ዓመታቸው በአክሮን አረፉ። በመቃብራቸው ላይ ስለ ማኅበሩ የተጻፈ ቃል የለም። ስም አለመግለጽ የሚለው መርሕ በሞታቸውም ተጠበቀ።

ከአክሮን እስከ ሪያድና አዲስ አበባ

በሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ በ1980ዎቹ አል አመል የሚባል የሱስ ሕክምና ሆስፒታል ተከፈተ፤ ስሙ በዐረብኛ ተስፋ ማለት ነው። ሆስፒታሉ በኋላ ኢራዳ ማለትም ፈቃድ ወይም ቁርጠኝነት የሚል ስም ተሰጥቶት የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና ማዕከል ሆኗል። በዚያ አገር በብዛት የሚያዘው ካፕታገን የሚል ስም የያዘው አነቃቂ ክኒን ነው፤ አነቃቂው ሲበርድ እንቅልፍ ለማግኘት ማረጋጊያ ክኒን የሚጨምርም አለ። ይህ የዶክተር ስሚዝን ዑደት በግልባጩ ይመስላል። ማዕከሉ ከዓመታት በፊት ከሱስ የወጡ ሰዎችን በማገገሚያ መሪነት ይቀጥራል፤ ከአልጋ የወጣ ሕመምተኛ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት የሚያርፍበት የሽግግር መኖሪያም አለው። ናርኮቲክስ አኖኒመስም በመንግሥቱ ከተሞች ስብሰባ ያደርጋል። አንድ የወደቀ ሰው ሌላውን ማንሣቱ ከአክሮን ርቆ፣ ከእስልምና ሥርዓት ጋር ተስማምቶ፣ በሌላ ቋንቋ ሥራውን ይሠራል።

የአገሪቱ የ2005 የአደንዛዥ ዕፅ ሕግም በአንቀጽ 42 ለሕክምና በራሱ ፈቃድ የቀረበ ወይም ቤተሰቡ ያቀረበው ሱሰኛ በመጠቀሙ ክስ እንዳይመሠረትበት ይደነግጋል፤ በእጁ ያለውን ዕፅ ማስረከብ ግን ግዴታው ነው። የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ውል ጉዳይ የራሱ ሕግ ስላለው በዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉንም ከኤምባሲው ወይም ከሚያምነው ሰው ጋር ተመካክሮ ቢያደርገው ይበጀዋል።

በአገራችን ደግሞ የተለመደው ዑደት በጫት ይጀምራል። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣ ጨብሲ በመጠጥ ይከተላል፤ መጠጡ ሲያቅት ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የእንቅልፍ ክኒን ይጨመራል። ጠዋት ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት ይፈለጋል። ሦስቱም እየተደጋገፉ ሰውየውን ስለሚይዙት አንዱን ብቻ መተው ከባድ ነው። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ በየክልሉ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችም ሕመምተኛውን ተቀብለው ማየት ይችላሉ።

ከዶክተር ስሚዝ ሕይወትና ከዚያ ወዲህ ከተገኘው ዕውቀት ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ የሚተርፉ ጥቂት ቁምነገሮች አሉ። ለወራት ሲወሰድ የቆየ የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ክኒን በአንድ ቀን አይጣልም፤ ሐኪም መጠኑን ጥቂት በጥቂት እያወረደ ያስቆመዋል። ለሚጥል በሽታ ፊኖባርቢታል የታዘዘለት ሰው ሱስ ያስይዛል የሚለውን ሰምቶ በራሱ ቢያቆመው ሕመሙ በርትቶ ሊጥለው ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር ምንም አይለውጥ። ክኒንንና መጠጥን አብሮ መውሰድ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። ክኒን ያቋረጠ ወይም መጠጥ ያቆመ ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ ከቃዠ ወይም ከወደቀ ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይወሰድ። ጠበልም ጸሎትም የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ለሐኪሙ ሳይነግር አያቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚታየው ግን የብቸኝነት ጉዳይ ነው። ዶክተር ስሚዝ ዕውቀት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ ሆስፒታል፣ ጸሎትና ታጋሽ ሚስት ነበራቸው፤ ለ17 ዓመታት ግን ምሥጢራቸውን በምድር ቤቱ እንጨት ላይ ከጠርሙሱ ጋር ደብቀውት ኖረዋል። የተፈቱት እንደ እሳቸው የታመመ አንድ ሰው ደጃቸውን ባንኳኳ ጊዜ ነው። በቤታችን፣ በሥራ ቦታችን ወይም በስደት አገር አብሮን በሚኖር ወገን ላይ ተመሳሳይ ነገር ስናይ ማፈርንና መደበቅን ትተን አጠገቡ ብንቀመጥ፣ ወደ ሐኪምም አብረነው ብንሄድ፣ በ1935 ጸደይ በአክሮን የተደረገውን እኛም ደገምነው ማለት ነው።